ከላይ የሚይዝ ሰው

የቮልቮው አንቴና ከሥሩ ላልቶ፣
ጎማው ተሰነጣጥቆ፣ ውሃ ሰርጎ ገብቶ፣
ሬዲዮኑ ከረመ ሲያጉረመርም ታፍኖ፣
የባልቲክን ነፋስ ግማሹን አውርቶ፣ ግማሹን ሸፍኖ።

ሌምቢት ኮርኒሱን ከውስጥ ገልቦ
በአሥር ቁጥር ቁልፍ ዳዶውን ያዞራል፤
አንቴናው ከላይ አብሮ ይሽከረከራል።
«ከላይ የሚይዝ ሰው ከሌለ አይጠብቅም።»
ለማንም አላለም።

ከአጥሩ ማዶ ሰማው ኡርማስ፣ ታናሽ ወንድሙ፤
ባባታቸው ጀልባ ከተቀያየሙ
ዘጠኝ ዓመታቸው።
መጣ። ዝገቱን ፈቀፈቀ። ቃል አልወጣውም።

«ያዝክ?»
«ይዣለሁ።»
«ላጥብቀው?»
«ቀስ እያልክ። ቆርቆሮው ሳስቷል።»

ሬዲዮኑ አንዴ አሳለና ተናገረ፦
ሳሬማ ዳርቻ ማዕበል፣ ሌሊቱን በረዶ።
ሌምቢት ቁልፉን ጠርጎ ኪሱ ከተተ።
ዳዶው ጠብቋል፤
ኡርማስ ግን እጁን ከጣሪያው ላይ ገና አላነሳም።