ደረጃና ዘንቢል

የቫልፓራይሶው ሽቅብ ወጪ ባቡር፣
በሚያዝያ ተሰብሮ ቆመ ከኮረብታው ሥር።
«ለጥገና ዝግ ነው» ይላል የለጠፉት፤
ቀኑን ግን አልጻፉት።

ኤደልሚራ ኦያርሱን፣ ሰባ ዘጠኝ ዓመቷ፣
ገበያው ከታች ነው፣ ከላይ ነው ቤቷ፤
መሃል ላይ ደረጃ፣ መቶ ስልሳ አንድ፣
ቁልቁል እንኳ ሲያዩት የሚያርበደብድ።

መጀመሪያው ዕለት አሥራ ሁለት ወጣች፣
ብረቱን ጨብጣ እዚያው ተቀመጠች።
«ጉልበቴ ከዳኝ» ስትል አንዲት ድመት ሰማቻት፤
ምን ተዳዋ፣ ዓሣው ነው እዚያ ያቆማት።
(ጉልበት በእኛ ቋንቋ ሁለት ነው ትርጉሙ፤
እሷ ላይ ግን ያን ቀን ሁለቱም አደሙ።)

ልጇ ከሳንቲያጎ «ነይ እኛ ጋ፣ ሊፍት አለ» አለች፤
«እስቲ ልየው» ብላ ስልኩን ዘጋች።
ከዚያ በደከማት፣ በቆመችበት ላይ፣
በጠመኔ ጫረች። በማግሥቱ አንድ በላይ፤
አንዳንድ ሳምንት ደግሞ፣ ጉንፋን ሲያጣድፋት፣
ጭረቱ ወደ ታች ሦስት እርከን ሸሸባት።
የሰኔ ዝናብ መጥቶ ጠመኔውን አጠበው፤
እግሯ ግን ቁጥሩን አልረሳም፣ ያዘው።

ትንፋሿ ረዘመ። የሌሊት እንቅልፏ ተመለሰ።
አንድ ቀን ጎንበስ ብላ የጫማዋን ክር አሰረች፤
ለማንም አላወራች፣ ቀጥ ብላ ሄደች።

ጥቅምት ላይ ባቡሩ ደወሉን አሰማ።
«ዛሬ በነጻ ነው፣ ግቢ እንጂ እማማ!»
ዘንቢሉን አስገባች፣ ከወንበሩ አኖረች፦
«ዓሣውን አድርስልኝ፤ እኔስ በእግሬ» አለች።

ባቡሩ ቀደማት። ጉልበቷም አመማት፣
አንደኛው ትርጉሙ፤ ሌላው ግን አልከዳት።
አናት ላይ ድመቷ ቀድማ ተቀምጣ፣
የድርሻዋን ጭራ ጠበቀች አፍጥጣ።