ኪፕ

ዳንጋነን ከተማ፣ ከሥጋ ፋብሪካው በር፣
ገና ጎሕ ሳይቀድ፣ ካፊያ ሲያካፋ፣
ዘበኛው ማላኪ ቆሟል፣ ሽማግሌ፣
ካፖርቱ ከትከሻው የሰፋ።
«ሃው አር ዩ ኪፒንግ?» አላት በመጀመሪያው ቀን።

ኤርሜሊንዳ ከቲሞር ከመጣች ሦስት ሳምንቷ።
ኪፕ ማለት መያዝ ነው፤ ይህን ታውቃለች፣
ከኪስ መዝገበ ቃላቷ አይታዋለች።
«ምን ይዘሻል?» ማለቱ ነው እንግዲህ፤
ዘበኛ ሌላ ምን ይጠይቃል?
ቦርሳዋን ከፍታ አንድ ባንድ አወጣችለት፦
የላስቲክ ጓንት፣
የተቀቀለ እንቁላል፣
ሁለት ፍሬ የጎደለው መቁጠሪያ፣
ለምን እንዳመጣችው እሷም የማታውቀው
የባሕር ዳር ጠጠር።
አልሳቀባትም። እንቁላሉን አንሥቶ
ከቅርፊቱ ላይ ዝናቡን በእጅጌው ጠረገላት፤
«ጥሩ ይዘሻል» አላት።

ረቡዕ ማታ፣ ከቤተ መጻሕፍቱ ፎቅ፣
መምህርቷ ፊኑላ ጠመኔ አነሣች።
«ይህ ግሥ እንደ አክስቴ ጓዳ ነው» አለች፣
«የማይከተትበት የለም።»
መልሱን ለራስህ፦ ኪፕ። ግራህን ይዘህ ንዳ፦ ኪፕ።
ዝም በል፣ ዶሮ አርባ፣ ምስጢር ያዝ፣ ቃልህን አክብር፦
ኪፕ፣ ኪፕ፣ ኪፕ፤
ቡልጋሪያዊው ዝላትኮ «ጫጩት ገባ እንዴ?» ብሎ
ክፍሉን አሳቀ።
«ወተትም» አለች ፊኑላ፣ «እስከ ዓርብ ኪፕ ያደርጋል፤
ማንም ሳይዘው፣ ራሱን ይዞ ይቆያል።»
ኤርሜሊንዳ ከዚህ ሥር ሁለት ጊዜ አሰመረች።

እኔም ይህን ስጽፍ በራሴ ቋንቋ ብፈልግለት
አንድ ቃል አገኘሁ፣ እሱም አጭበርባሪ፦
ይጠብቃል።
ጠብቆ ሲነበብ በረኛ ነው፣ ዓይኑን ከመንገድ የማይነቅል፤
ላልቶ ሲነበብ ቋጠሮ።
ላልቶ የሚጠብቅ!
ፊኑላ ብትሰማ ጠመኔዋን ታስቀምጥ ነበር።

ለካ በዚያ አገር «ሃው አር ዩ ኪፒንግ»
«እንዴት ከረምሽ» ነው፤ ፍተሻ የለበትም።
ይህን ባወቀች ጊዜ አፍራ
ሳምንት ሙሉ በጓሮ በር ገባች።

ከዚያ ማላኪ ጠፋ።
ኅዳር ሙሉ በሩ ላይ ሌላ ሰው፣
ስልኩን የሚነካካ ጎረምሳ።
ሲመለስ ካፖርቱ ይብስ ሰፍቶታል።
ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ካርዱን እያስነካ ሲያልፍ
እሷ ቆመች፤ በፊኑላ አነባበብ፣ ጫፉን ሳትውጥ፦
«ሃው አር ዩ ኪፒንግ፣ ማላኪ?»

ዝም አላት። ጓንቱን በጥርሱ ጎትቶ አወለቀ፣
ቁልፎቹን ፈታ፣ ከደረት ኪሱ
ያን ቀን እንዳደረገችው አንድ ባንድ አወጣላት፦
አንድ ክንዱ በክር የታሰረ የሴት መነጽር፣
ግማሽ ከረሜላ ከነወረቀቱ፣
ቀኑ ያለፈ የሐኪም ቀጠሮ።

የፋብሪካው ፊሽካ ጮኸ፤ ሰልፉ ከኋላዋ አጉረመረመ።
መነጽሩን ከዝናቡ በሻርፗ ጫፍ ጠርጋ መለሰችለት።
«ጥሩ ይዘሃል» ልትለው ፈልጋ ነበር፤
ግሡን በየትኛው ጊዜ እንደምታረባው ጠፋት።
ኃላፊ ጊዜ የሚጀመረው
በሚቀጥለው ረቡዕ ነው።