ቆጠራና ቋጠሮ

ሠላሳ ነጥብ አለው ወረቀቱ።
ነርሷ እኔ ነኝ፤ እርሳሱም ሰዓቱም የኔ።
በሴአራ ዳርቻ፣ ነፋስ አሸዋውን
ከደጅ ወደ ደጅ በሚያመላልስበት መንደር
ዶና ዙልሚራን ፊት ለፊቴ አስቀመጥኳት፤
እግሯ ከወንበሩ መሬት አልደረሰም።

«ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?»
«ጨረቃ ልትሞላ ሦስት ሌሊት ቀርቷታል፤
ጀልባዎቹም ነገ ማለዳ ይገባሉ።»
ወረቀቱ ለጨረቃ ቦታ የለውም።
ዜሮ ጻፍኩ።

«ከመቶ ላይ ሰባት ይቀንሱ፤ ከቀሪውም ሰባት፣ እንዲህ እያሉ።»
«የምን ሰባት? የዓሣ ነው የሬያል?
የምን እንደሆነ ሳልሰማ ለማን ብዬ ልቀንስ?»
እንደገና ዜሮ።

«ሙንዶ» አልኳት፣ ዓለም ማለት ነው፣
«ፊደሎቹን ከኋላ ወደ ፊት ይጥሩልኝ።»
ሳቀች፤ ድድ ብቻ።
«እሱማ ሲገለባበጥ ነው የኖረው፣ እኔ ምን ልጨምርበት።»

መጨረሻ ላይ ሁለት ባለአምስት ማዕዘን፣
አንዱ የሌላውን ጥግ የነከሰ፣
«ይህን አስመስለው ይሳሉ።»
እርሳሱን የያዘችው ቢላ እንደሚያዝ ነው፤
የወጣው ነገር የተረገጠ እንቁላል ይመስላል።
አፈረች። በመዳፏ ሸፈነችው።
ሌላውን ረስቻለሁ፣ ያን መዳፍ አልረሳሁም።

አሥራ አምስት።
ሠንጠረዡን ገለጥኩ፦ ትምህርት ቤት ላልገቡ
ሌላ ዓምድ አለ፣ ደፉ ዝቅ ያለ፤
እግሯን ሳታነሳ ተሻገረችው።
«ደህና ነዎት» ብዬ ፈረምኩ።

በማግስቱ የደም ግፊት ኪኒኗን ላደርስ ቤቷ ሄድኩ፤
ጠረጴዛዬ ላይ ረስታው ነበር።

ትራሱ ከጉልበቷ፣ እሾሁ ከቁልቋል፣
ስልሳ ማጠንጠኛ በጣቶቿ መሐል ይንቋቋል፤
ግራው በቀኝ ሲያልፍ፣ ቀኙ በግራ ሲዞር
ዓይኗ መንገድ ላይ ነው፣ እጇ ግን አይሳከር።
ፊደል አልቆጠረች፣ ቋጠሮ ቆጠረች፤
አንዱን ማዕዘን ባንዱ እያነባበረች
አምስት ጥግ ባምስት ጥግ አሳክታ አሠረች።
«ይሄን ነበር እንዴ?» አለች ቀና ብላ፣
«ምነው በክር ባልሽኝ፣ ምን አመጣው ያን ዱላ!»

በዚያው ሳምንት ሴኞር አደማር መጣ፣
አርባ ዓመት ውል መዝጋቢ፣ ክራቫቱን አስሮ።
ሰባት ሰባቱን እንደ ጸሎት አወረደው፤
ዓለምን ፊደል በፊደል ገለበጠው፤
ማዕዘኑን በማስመሪያ የሠራው ይመስላል።
ሃያ ዘጠኝ።
ጨብጦኝ ወጣ።
ሚስቱ ግን በሩ ላይ ቀረች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፦
«ቁልፉን ዱቄት ውስጥ ይቀብራል። ማታ ማታ
አንቺ ማን ነሽ ይለኛል፣ በታላቅ ትህትና።»
ወረቀቱን አሳየኋት።
ወረቀቱን አየች፤ እኔን አየች።
ትምህርት ግድግዳውን ደህና አድርጎ ለስኖታል፤
ጣሪያው ወደ ውስጥ ቢወርድም ከመንገድ አይታይም።

ከሦስት ወር በኋላ ጁሲሌይዲ መጣች፣ የዙልሚራ የልጅ ልጅ፤
በጋዜጣ የጠቀለለችውን ዳንቴል ፊቴ ዘረጋች።
«አያቴን ደህና ናት ብለሽ ነበር።»
«አዎ።»
«እንግዲያው ይሄን እዪው።»
አየሁት። ነጭ፣ ስስ፣ የሚያምር።
እንከን አላየሁበትም፤ ያንኑ ነገርኳት።
«አምስተኛው ጥግ» አለች፣ «አልተዘጋም።
ክሩ ሄዶ ሄዶ የትም አልደረሰም።
ከፈተናሽም በፊት ነው የጀመራት፤
ሌሊት እየፈታሁ እጠግነዋለሁ፣ እንዳታፍር።»

እንደገና አጎነበስኩ። ባትሪ አበራሁ።
አሥራ ስድስት ዓመት የተማርኩ ሴት፣
የት ጋ እንደሆነ አላውቅም።

ልጅቷ አላሾፈችብኝም።
ሌባ ጣቴን ይዛ፣ ክሩ ላይ አሳርፋ፣
ፊደል እንደሚያስቆጥሩት ሕፃን
ቋጠሮውን አንድ ባንድ አስቆጠረችኝ፦
አንድ። ሁለት። ሦስት።
አራት ብላ ዝም አለች።
ጣቴ ቀዳዳው ውስጥ ገባ።