ከፕላስተሩ ሥር

መኪናዋን ስገዛት ከአንድ የሞላሌ ሰው፣
ዳሽቦርዷ ላይ ጥፍር የሚያህል ነገር ነበር፣ ጥቁር ፕላስተር የለበሰው።
"ምንድን ነው?" አላልኩም፤
ሰው የሸፈነውን የመግለጥ ልማድ የለኝም።

ዓመት ከመንፈቅ ነዳሁ፤
ድንች ይዤ ወረድኩ፣ ሽንኩርት ይዤ ወጣሁ፣
በደብረ ብርሃን ብርድ እጄን እፍ እያልኩኝ፣
በሮቢት ሙቀት ላይ ሸሚዜን ፈትቼ ላቤን እየጠረግኩኝ።

የዛሬ ሳምንት ግን፣ ጣርማበር አናት ላይ፣
ጉም መንገዱንና ገደሉን አንድ አርጎት፣ የቱ የቱ እንደሆን ሳላይ፣
ቆሜ ስጠብቀው እስኪገለጥ፣
ጣቴ ሥራ ቢያጣ ጀመረ መላጥ።
ጫፏ ተነሣልኝ፤ ሳብኳት፤ እሺ አለች፤
ከሥሯ ቀይ መብራት፣ የፍሬኗ፣ ቁልጭ ብላ በርታለች።

በርታለች! ከመቼ? ከሱ ዘንድ? ከኔ ዘንድ?
ስንቴ ነው የወረድኩት ይህን ሁሉ ቁልቁል፣ ይህን ሁሉ መንገድ?
አንድ ጊዜ ልጄን፣ ትኩሳት ይዟት፣ እቅፍ አርጋት እናቷ፤
አንድ ጊዜ ሙሽሪት ከነቬሏ፣ ከነእህቷ፤
ሚዜዎቹ ከኋላ፣ ከጭነቱ ላይ ሆነው፣
"ንዳው! ንዳው!" ሲሉኝ፣ ቁልቁለቱን ንቀው፣
ነድቻለሁ እኔ፣
ይቺ ታፍና ስትጮህ አንድ ስንዝር ከዓይኔ።

ረዳቴ ማናህሎት አያትና፣ ተሳለመና፣
"መልሰህ ለጥፋት" አለኝ፣ "እስካሁን አልገደለችምና።"

ዋሻው ውስጥ ስንገባ እሷ ብቻ ቀረች፤
የማናህሎትን አገጭ እንደ ፍም አበራች።
ከዚያ በአንደኛ ማርሽ፤ እግሬ ፍሬን ፈራ፤
ሞተሩ ሲያቃስት፣ ጭላዳ ሲያልፈን በተራ በተራ።

ደብረ ሲና ገባን። ቆሎ ሻጮች ወረሩን።
"ቆሎ ይቆየን፤ መካኒክ አሳዩን!"
አሳዩን። ከገበያው በታች፣ ከባሕር ዛፉ ሥር፣
ጋሽ ልሳኑ ጎማ ተንተርሰው ሲያንጎላጁ ነበር።

የእጅ ፍሬኑን ሳቡ፤ ለቀቁ፤ ደገሙ፤
"እሱ አይደለም" አሉ፤ ኮፈኑን ከፍተው ጥቂት ዝም ብለው ቆሙ።
የፍሬን ዘይቱ ከመስመሩ በታች ወርዷል።
ጨመሩበት። ቀይዋ ጠፋች። ልቤ እፎይ ብሏል፤
እጄም ወደ ኪሴ ሮጣለች፦ "ስንት ነው?"
እሳቸው ግን ጣታቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ነው፤

"መብራቷን ነው እንጂ ነገሩን መች አጠፋሁት?" አሉ፣
እንደ መሪጌታ "አንድም"፣ "አንድም" እያሉ፤
"አንድም ሸራው አልቋል፣ አንድም ያፈሳል የሆነ ቦታ፤
ዘይት ስንቅ አይደለም፣ ተበልቶ አያልቅም በአንድ ማታ።"

ድንጋይ አስደገፉ። ኋላ ግራውን በክሪክ አነሡ።
ታምቡሩ እምቢ አለ፤ በመዶሻ ዙሪያውን ደበደቡ፣ መለሱ።
ወለቀ። "ና እይ!" አሉኝ። አቧራው በዘይት ታሽቶ፣
ጉሚኒው እንደ ሽማግሌ ድድ ለስልሶ፣ ከንፈሩን ከፍቶ።

ምንም አልጨመሩ። ያንን አዩ፤ ጣቴን አዩ፤
ፕላስተሯ አሁንም እዚያው ናት፣ ከጥፍሬ ጋር አልተለያዩ።

ማናህሎት ሮጦ ጉሚኒና ሸራ አመጣ፤
እኔ ፔዳሉ ላይ፦ "ርገጥ!" "ያዝ!" "ልቀቅ!" "ድገም!"፣ አየሩ እስኪወጣ፤
መጀመሪያ የተንጫጫ አረፋ፣
ኋላ ቀጭን ዘይት፣ ድምፁ የጠፋ።

ቁልፉን ስጠመዝዝ ቀይዋ በራች ዳግም፤
ደነገጥኩ። ሳቁብኝ። ሞተሩ ሲነሣ እሷ ድርግም።
"ጠዋት ጠዋት" አሉኝ፣ "ቁልፍ ስትከፍት አንዴ ትታይህ፤
'አለሁ' ማለቷ ነው። ያልበራች ቀን ነው መፍራት ያለብህ።"

ማታ ሮቢት ሆኜ ለሞላሌው ሰውዬ ደወልኩለት።
ሰማኝ። ዝም አለ። ከሩቅ ውሻ ይጮህ ነበር እሱ ካለበት።
"እኔም" አለኝ፣ ቆይቶ፣ "ከነፕላስተሯ ነው የገዛኋት።"