ሳለ

በሰሜን ዌልስ፣ በተራራ ሥር፣ ዝናብ በማያባራበት፣
ሰሌዳ ድንጋዩ በቀለሙ ከሰማይ በማይለይበት፣
ስም እቀርጻለሁ። ከአባቴ የወረስኩት
መሮና መዶሻ ነው፤ ይህ ሳልም አብሬ ያገኘሁት።

የጸሎት ቤቱ ሽማግሎች አንድ ጠዋት መጡ፤
ባርኔጣ አወለቁ፣ በርጩማዬ ላይ በየተራ ተቀመጡ።
«ከጦርነት ላልተመለሱ ልጆቻችን
አንድ ሰሌዳ ቅረጽ፣ ይቁም ከደጃችን።
በየፊደሉ አራት ፔኒ እንከፍላለን፤
አንተ ስሙን ጻፍ፣ የሚጻፈውን እኛ እናውቃለን።»

ዝርዝሩን ዘረጉት፤ ሠላሳ አንድ ስም፣
ጥይት የጣለው፣ መድፍ ያላስተረፈለት አጽም።
ከግርጌው ሦስት ስም በቀይ ቀለም ተሰርዟል።
«እነዚህስ?» አልኩ። አንዱ አቀርቅሯል፣
ሌላው ጢሙን ይነካካል። «እነሱማ...
መኮንኖች ናቸው፤ ግን የሞቱት አልጋ ላይ ነው፣ በቀስታ፣ በጨለማ።

ኤምሊን ቤብ፣ መቶ አለቃ፤ ሳሎኒካ ላይ፣ በወባ፤
ትንኝን ማን ጠላት ብሎ ከመዝገብ ያስገባ?
ተጊድ ሞስቲን፣ ምክትል መቶ አለቃ፤ እግሩ ላይ ትንሽ ቁስል፣
ሩዋን ሆስፒታል ሲቆርጡት፣ ደግመው ሲቆርጡት፣ እንደ ፍም ሲከስል።
ሻምበል ኢድወል ፔንሪ ደግሞ እቤቱ፣ ትራሱ ላይ፣
መድፍ ዝም ካለ ከሦስት ዓመት በላይ።»

ዝም አልኩ። መሮዬን ሳልኩ። ሻምበሉን አውቀዋለሁ፤
ዘወትር ማክሰኞ እዚች በርጩማ ላይ አስቀምጠዋለሁ።
አባቱ የካባው ሹም ነው፤ ልጅዬው ግን ከማዕረጉ ወርዶ
ይመጣል፣ ኢፐር ላይ የዋጠው መርዝ ጢስ ደረቱን ሞርዶ።
እሱ ይስላል፤ እኔም እስላለሁ፣ የሰሌዳ ብናኝ በልቶኝ፤
«አንተስ የት ግንባር ነበርክ?» አለኝ አንድ ቀን፣ ስቆ አሳቆኝ።
የሹም ልጅና ድንጋይ ፈላጭ፤ ሳል ማዕረግ አያውቅም፤
እኛን ያለበሰን ካባ አቧራ እንጂ ጥልፍ የለውም።

ሽማግሎቹ በወጡ ማግስት እህቱ ነስታ መጣች፣
እንቁላል ሸጣ ያጠራቀመችውን ከመሀረቧ ፈትታ አወጣች።
ቆጠርኩት። ለስሙ ይበቃል፤ ለማዕረጉ ይጎድላል።
«ማዕረጉን ተወው» አለች፤ «ኢድወል ፔንሪ ይበቃዋል።
ሌሊት በእንቅልፉ የወታደሮቹን ስም ሲጠራ፣
‹አቤት› የሚል የለ፤ እኔ ነበርኩ ከግድግዳው ማዶ፣
ድምፄን እያወፈርኩ፣ ‹አቤት› የምል በየተራ።
አንድ ሌሊት ሳይጠራ ነጋ።»

ሌላ አልነገረችኝም።

ከሰሌዳው ራስ ላይ ዓመቶቹን ጽፌያለሁ፣ በትልቁ፣
ከአሥራ አራት እስከ አሥራ ስምንት፣ ሽማግሎቹ እንዳጸደቁ።
ግን ከግርጌው፣ ሣር ከሚነካው፣ ዝናብ ከሚያርፍበት ጥግ፣
ሦስት ስም አለ፣ የማንንም ፈቃድ ሳልፈልግ፤
ቤብ ከነወባው፣ ፔንሪ ከነማዕረጉ፣ ሞስቲን ከነመጋዙ፤
የጎደለውን ፔኒ አትጠይቁኝ፤ ፊደሎቹ አልጎደሉ፣ አልደበዘዙ።
ከፔንሪ ስም ጎን ሃያ ሁለት ብያለሁ፤ ድንጋይ አይዋሽም።
አንዱ ሽማግሌ አኮረፈ፣ አንዱ ባርኔጣውን አነሣ፤ ያስፋቀኝ የለም ማንም።

መንገደኛ ቆሞ ያነባል፤ «ቁጥሩ ተሳስቷል» ይለኛል፤
«ጦርነቱ በአሥራ ስምንት አብቅቷል።»
ለማን? ልል ስል፣ ሳሌ ይቀድመኛል።

ከሦስቱ በታች መዳፍ የሚያህል ልሙጥ ቦታ ትቻለሁ፤
ነስታ ለማን እንደሆነ ጠይቃኝ፣ ዝም ብያለሁ።

ልጅ መጥቶ «ሻምበሉ ምን አደረገ?» ቢለኝ፣ መልሴ አንዲት ቃል ናት፤ ሳለ።
ጦርነቱ ደረቱ ውስጥ ሳለ፣ ጦርነቱ አለቀ ተባለ።

ዛሬ ማክሰኞ ነው። በርጩማዋን ወደ እሳቱ አስጠጋሁ።