መጀመሪያ ምላጩን አውርጂ

ከአዳማ ወጣ ብሎ፣ በወንጂ መንገድ ዳር፣
ከሽንኩርቱ ማሳ ጫፍ፣ ከአንድ ግራር ሥር፣
ቆሟል አሮጌ ዶዘር።
ግራ እግሩ ወላልቆ፣ ካቴናው ተዘርግቶ፣
እንደ ሰካራም አባወራ ባንድ ጫማ መጥቶ።
የሩሲያ ስሪት ነው፣ የመንግሥት እርሻ ትራፊ፣
የስንት ሥራ አስኪያጅ ሸኚ፣ የስንት ክረምት አላፊ፤
አሁን የጉደታ ነው፣ የሽንኩርት ገበሬ፣
ቆሟል እላያችን፦ «ዛሬ ይሁን፣ ዛሬ!
ደመናውን እዩት በቦኩ ተራራ፤
ኩሬዬ ሳይቆፈር ሰማዩ አጓራ!»

ጋሽ ላምቤቦ መልስ የለው።
መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ ይወለውላል፣
ዶዘሩን ይዞራል፣ ያያል፣ ያስተውላል፣
ጥርሱን ገልጦ እንደሚያይ እንደ በሬ ገዢ፤
«ሲፈን፣ ነይ ወዲህ፤ ይህን ታኮ ያዢ።

መጀመሪያ ምላጩን አውርጂ።
በዘይት የተያዘ ብረት አይታመንም፣
ቧንቧው ሲፈነዳ «ዞር በይ» ብሎ አይለምንም።
ባትሪውን ንቀዪ፤ ቁልፉን ለእኔ ስጪኝ፤
አንዱ «ልሞክረው» ቢል እኔን ነው የሚፈጨኝ።
በጤነኛው እግር ሥር እንጨት ክተቺበት፤
ድንጋይ? ድንጋይ ይከዳል ክብደት ሲያርፍበት።»

ወደ ግሪሱ ቫልቮላ ስንደርስ ግን
ድምፁ ዝቅ አለ፣ የተኛ ልጅ እንዳለ ያህል።
«ፊት ለፊቱ እንዳትቆሚ፤
በጎን ተንበርከኪ፣ አፍሽን ዝጊና ስሚ።
ከጀርባው ያለው ሞላ ስንት ዓመት ታምቆ፣
ቂሙን ውጦ የኖረ ነው ጥርሱን አጥብቆ።
አንድ ዙር ብቻ ፍቺ። አንድ። ከዚያ ጠብቂ።
ግሪሱ እንደ ጥርስ ሳሙና ሲወጣ አትሳቂ፤
በጣት አይነካም፣ ጨርቅም ብትደርቢ፣
ቆዳ ሰርሳሪ ነው፣ ከደም ውስጥ ገቢ።»

ጉደታ ትዕግሥቱ አለቀ፦
«ለአንዲት ሰንሰለት ይህ ሁሉ ዘመቻ?
መዶሻ አንሡና ምቱት፣ ሁለት ጊዜ ብቻ!»

ጋሽ ላምቤቦ ቀና አለ።
መነጽሩን አወለቀ።
ቀኝ ዓይኑ ነጭ ነው፣ እንደ ተላጠ ሽንኩርት።
«ይህቺ» አለው፣ «ያቺ ናት፣ የሁለተኛዋ ምት።»

ከዚያ ወዲያ ማንም አንድ ቃል አልጨመረ፤
የአዳማ ነፋስ ብቻ አቧራ እየነዳ ዞረ።

ሁለት መነጽር አለን፤ አዲሱ የእኔ ነው።
«ለአንድ ዓይን» ይላል «የተጫረውም ይበቃል።»
እኔ በረጅም ጉጠት እይዛለሁ ናሱን፣
እሱ ይመታል፣ ይዞ እስትንፋሱን።
አንድ። ብረቱ እምቢ። ሁለት። እምቢ አለ።
ሦስት፤ ፒኑ እንደ መንጋጋ ተነቀለ፣
ካቴናው መሬት ላይ ዘጭ!
«እግርሽ የት ነው?» አለ ዞር ብሎ ሳያየኝ።
«እዚህ፣ ሁለት ክንድ ርቄ።»
«እሺ።»

ቡሹን አዙረን፣ ፒኑን ቀይረን፣ ስንል ወዲህ ወዲያ፣
ቀኑ መሸብን ያንን ብረት ስናባብል እዚያ።
ዝናቡም መጣ፣ የመጨረሻው ፒን ሳይገባ፤
ጉደታ የሽንኩርት ሸራ ይዞ መሃላችን ገባ፣
አንድም ሳይተነፍስ ወጥሮ ያዘው፣
ሽማግሌውን በማያየው ዓይኑ በኩል ከለለው።

የካቴናው ርግበት ሦስት ጣት ነው ሕጉ።
እሱ ለካ፦ ልክ ነው። እኔ ለካሁ፦ አራት ሆነብኝ።
ተከራከርን በዝናብ ውስጥ፣ የማን ጣት ነው ጣት ብለን፤
በመጨረሻ በእሱ ሆነ፣ ውፍረቱ እያሳቀን።

ዶዘሩ ተነሣ፣ አጉረመረመ፣ አንድ ክንድ ሄደ፣
ጥቁር ጭሱን ግራሩ ላይ ለቀቀና ወረደ፣
ደግሞ አንድ ክንድ። ጉደታ አላጨበጨበም፤
ሸራውን ማጠፍ ጀመረ፣ እጁ እየተንቀጠቀጠ።

ባጃጁ ሲመጣ፣ ጋሽ ላምቤቦ በስልኩ መብራት
እንደ ሁልጊዜው ቆጠረ፣ ጆንያውን ከፍቶ፦
«ዕቃ፣ አሥራ ሰባት።»
እጄን ያዘና ገለበጠው፣ የራሱንም አየ፤
«ጣት፣ ሃያ።
ዓይን፣ ሦስት።
ሙሉ ነው። እንሂድ።»