በረዶው ሲለቅ

ካኖራ ዳር፣ ሚያዝያ፣ ጠዋት አሥራ ሁለት፣
ያምናው ስንዴ ጉቶ ውሃ ተኝቶበት፣
ተንበርክኬአለሁ ከጭቃው መሐል፣
ክዳን ደፍቼበት በብረቱ በርሜል።
መርፌዬን ወግቼ የጎማው ቡሽ ላይ
አየር እቀዳለሁ፣ መልኩ የማይታይ፤
በየአሥር ደቂቃው አንድ አንድ ብልቃጥ፣
ጣቴ ደንዝዞብኝ እርሳሴ ሲያመልጥ።

ኦረስት ህናትዩክ፣ የማሳው ባለቤት፣
እጁን ኪሱ ከቶ ቆሟል ከኔ ፊት።
«ምኑን ነው ምትቀጂው? ጭስ የለ፣ ሽታ የለ።»
«መሬቱን፣ ትንፋሹን» አልኩት። ዝም አለ።
ኋላ ሳቅ ብሎ፦ «እኔም እተነፍሳለሁ፤
ስድስት ወር ተቀብሬ ምን አደርጋለሁ?»

ደብተር አለው፤ ጥቁር፣ ጠርዙ ዘይት የጠጣ፣
ካባቱ እጅ ወደሱ ወርዶ ወርዶ የመጣ፦
ዩሪያ፣ ይህን ያህል ቶን። ናፍጣ፣ ይህን ያህል ሊትር።
የእህል ማድረቂያ ጋዝ።
ሐምሌ ሦስት፣ የበረዶ ድንጋይ፣ ካኖላው አለቀ።
የላሪሳ ጥርስ፣ ሁለት መቶ ዶላር።
የበተነው ሁሉ አለ፤
የበነነው የለም።

ካየር ተበድረን፣ በጋዝ እሳት ጋግረን፣
ከረጢት ውስጥ አስረን፣ በባቡር አሻግረን፣
ስንዴው የበላለት ግማሹን ቢሆን ነው፤
ሌላው ወይ ወንዝ ገባ፣ ወይ ሰማይ ነው ያለው።
ሰማይ የወጣውም ሲመዘን ክብደቱ
የትራክተሩ ጭስ ይቀላል ከፊቱ።

ኅዳር ላይ ውጤቱን ይዤላቸው ሄድኩ።
በወጥ ቤቱ ጠረጴዛ፣ ከቅቤው አጠገብ ዘረጋሁ።
«ይሄ ሁሉ ባሥር ቀን? በረዶው ሲለቅ?»
«ያመቱ ግማሽ ነው። ሞተር ሳይነሳ፣ ሰው ሳያውቅ።»
ላሪሳ መነጽሯን በሹራቧ ወለወለች፤
«ያ የማዶው ቁራሽ? የምስሩስ?» አለች።
«የሱ ትንሽ ነው። ምስር ለራሷ ታበስላለች፣
የሰው እጅ አታይም።»
ኦረስት ግን፦ «ባንኩ ምስር አይበላም» አለ፣
ጣቱ እዚያው ቁጥር ላይ እንደተተከለ።

ከዚያ ቀና ብሎ፦ «ከሳስካቱን እዚህ ድረስ?»
«ሦስት መቶ ሃያ ኪሎ ሜትር፤ መምጫው ብቻ፣ ያለ መልስ።»
«ስንት ጊዜ መጣሽ?»
«አሥራ ዘጠኝ።»
እርሳሱን በምላሱ ጫፍ ነካ አድርጎ፣
ከዩሪያው በታች ባዶ መስመር ፈልጎ፣
«የለኪዋ ናፍጣ» ብሎ ጻፈኝ።

ስወጣ አዲስ በረዶ ጥሏል።
ከመኪናዬ እስከ በሩ የረገጥኩት ዱካ
ተሞልቶ፣ ተስተካክሎ፣ ማንም ያልመጣ መስሏል።
ቁልፉን አስገብቼ
ትንሽ ተቀመጥኩ፤
ሞተሩን ለማስነሳት አፈርኩ።